ከጥጥ ተረፈ ምርት የተጨመቀ ቦዲ፦ የትራባንት ዱሮፕላስት የጉዳይ ጥናት

የምስራቅ ጀርመኗ መኪና የትራባንት የተሰበረ ፓራፋንጎ ስብራቱ ላይ ሲታይ ላሜራ አይደለም። ቡናማ፣ ደረቅ ሰሌዳ ነው፤ ከተሰነጠቀው ጠርዝ አጫጭር የጥጥ ጸጉር ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል። በጥፍር ሲቧጨር ጸጉሩ ይነሳል። እሳት ቢነካው እንደ ፌስታል አይቀልጥም፣ አይንጠባጠብም፤ ይጠቁርና ይከስላል፤ ሽታውም የተቃጠለ አሮጌ ማብሪያ ማጥፊያ ሽታ ነው። ሽታው የሚመሳሰለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ቤተሰብ ሬዚን (ሲበስል የሚጠጥር ሰው ሠራሽ ሙጫ) ነው።

ይህ ሰሌዳ ዱሮፕላስት ይባላል። በምስራቅ ጀርመን፣ ሳክሶኒ ውስጥ ባለችው ጽቪካው ከተማ ከ1957 እስከ 1991 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከ3 ሚሊዮን በላይ ትራባንቶች ይህን ለብሰው ወጥተዋል። የተፈጥሮ ፋይበርና ሬዚን ተጣምረው በዚህን ያህል ብዛትና በዚህን ያህል ዘመን፣ ለዚያውም ዝናብና በረዶ ላይ እየዋሉ እያደሩ የተፈተኑበት ሌላ ጉዳይ ማግኘት ያስቸግራል። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ላይፕዚግና ድሬስደን የሄዱ ኢትዮጵያውያን መኪናዋን በየመንገዱ አይተዋታል። እዚህ አገር ደግሞ የዚያው የኢፋ (የምስራቅ ጀርመን የተሽከርካሪ ፋብሪካዎች) ማኅበር ልጅ የሆነው ደብልዩ 50 የጭነት መኪና፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ በቡና ልውውጥ የመጣው፣ የታወቀ ነው።

ጀርመኖች ትራባንትን «የእሽቅድምድም ካርቶን» እያሉ ሲቀልዱባት ኖረዋል። ቀልዱ ቁሱን ይበድላል። ሰሌዳው የተሰጠውን ሥራ ሠርቷል። ያስቸገረው በዙሪያው ያለው ነገር ነበር፦ የፕሬሱ ሰዓት፣ ከሥሩ ያለው ብረት፣ በመጨረሻም የመኪናው መጣያ። የተፈጥሮ ፋይበር ኮምፖዚት (ፋይበርና ሬዚን የተዋሃዱበት ቁስ) ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከጥንካሬ ሠንጠረዥ በፊት እነዚህን ሦስቱን ቢያይ ይሻለዋል።

ለምን ጥጥ፣ ለምን ፌኖል

ከጦርነቱ በኋላ ምስራቅ ጀርመን ያጣችው ትልቁ ነገር ቀጭንና በፕሬስ የሚሳብ ላሜራ ነበር። ዋና ዋናዎቹ የብረት ፋብሪካዎች በምዕራብ በኩል ሩር ሸለቆ ቀርተዋል፤ የምዕራባውያን የንግድ እገዳ ሲጨመርበት ለመኪና ቦዲ የሚሆን ላሜራ በበቂ መጠን ማግኘት የማይታሰብ ሆነ። በእጅ የነበረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከሶቪየት ኅብረት የሚመጣ፣ ለፈትል የማይበቃ አጭር ጥጥ። ሁለተኛው ከአገሩ ቡናማ ከሰል ሬንጅ የሚወጣ ፌኖል። የፌኖል ሬዚን ሥራ ለአገሩ እንግዳ አልነበረም፤ በርሊን አጠገብ ባለችው ኤርክነር ከ1910 ጀምሮ የባከላይት (ከፌኖል ሬዚን የሚሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ) ኩባንያ ነበር። በዚያው በሳክሶኒም አውቶ ዩኒየን ከጦርነቱ በፊት በዲ.ካ.ቬ. መኪናዎቹ ላይ የፌኖል ሬዚን ቦዲ ሞክሯል።

የዱሮፕላስት አባት ተብሎ የሚጠራው መሐንዲስ ቮልፍጋንግ ባርተል ነው። ቁሱ መጀመሪያ የተሸጠው በ1955 በወጣችው ፒ70 ላይ ሲሆን፣ በዚያች መኪና ሰሌዳዎቹ የታሰሩት በእንጨት አጽም ላይ ነበር። በ1957 ትራባንት ስትመጣ አጽሙ ወደ ተበየደ ብረት ተለወጠ፤ ጣራው፣ ኮፈኑ፣ የኋላ ክዳኑ፣ የበሮቹ ውጫዊ ገጽና ፓራፋንጎዎቹ ዱሮፕላስት ሆኑ። ክብደት ተሸካሚው ብረቱ ነው፤ ዱሮፕላስቱ ቆዳ ነው። ይህ ክፍፍል ሊረሳ አይገባም፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቁሱ ሲመዘን

ጥጥ ከተፈጥሮ ፋይበሮች ሁሉ ጠንካራው አይደለም። ግትርነቱ ከ5 እስከ 13 ጊጋ ፓስካል ያህል ነው፤ ተልባ ከ27 በላይ ይሄዳል፣ ቃጫ ከ9 እስከ 22፣ ተራው የመስታወት ፋይበር ደግሞ ወደ 72። በዚህ ሠንጠረዥ ብቻ የሚፈርድ ሰው ጥጥን አይመርጥም። ነገር ግን ጥጥ ከመበጠሱ በፊት ከ3 እስከ 10 በመቶ ይለጠጣል፤ ተልባ 2 እና 3 በመቶ ላይ ይበጠሳል። የፌኖል ሬዚን ለብቻው እንደ ሸክላ ተሰባሪ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው ድንጋይ ሲመታው ጉልበቱን የሚውጥለት ፋይበር ነው። ጥጡ የሚሠራው ይህን ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ብዙ ጊዜ ሳይነገር ያልፋል። ጥጥ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ውሃ ይወዳል። የፌኖል ሬዚንም ከመድረቁ በፊት እንዲሁ ነው። ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ ሬዚኑ ፋይበሩን ያርሰዋል፣ ዘልቆ ይገባዋል። በዛሬው ጊዜ ጥጥን ወይም ቃጫን ከፖሊፕሮፕሊን ፕላስቲክ ጋር የሚያዋህዱ ሰዎች ግማሽ ድካማቸው ውሃ ወዳዱን ከዘይት ወዳዱ ጋር ማስታረቅ ነው፤ በሶዳ ያጥባሉ፣ አስታራቂ ኬሚካል ይጨምራሉ። ጽቪካው ላይ ይህ ጣጣ አልነበረም።

አሁን ሂሳቡን እንየው። የአንድ ሰሌዳ ለመታጠፍ አልበገር ባይነት የሚወሰነው በግትርነቱና በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ነው። የብረት ግትርነት 210 ጊጋ ፓስካል፣ የጥጥና የፌኖል ሰሌዳ ደግሞ 7 ገደማ ነው፤ 30 እጥፍ ልዩነት። የ30 ሦስተኛ ሥር 3.1 ስለሆነ፣ 0.8 ሚ.ሜ ላሜራን ለመተካት 2.5 ሚ.ሜ ሰሌዳ ይበቃል። ላሜራው በካሬ ሜትር 6.3 ኪ.ግ ይመዝናል። እፍጋቱ 1.38 የሆነው ሰሌዳ 3.45 ኪ.ግ። 30 እጥፍ የደከመ ቁስ በ45 በመቶ የቀለለ ቆዳ ሰጠ ማለት ነው። የትራባንት 601 ጠቅላላ ክብደት 615 ኪ.ግ አካባቢ መሆኑና 26 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር መጎተት መቻሉ ያለዚህ አይታሰብም።

ባዘቶው ወደ ፓራፋንጎ ሲለወጥ

ሥራው የሚጀምረው እንደ ፈትል ፋብሪካ ነው። ጥጡ ይጸዳል፣ በካርዲንግ ማሽን ይነደፋል፣ ስስ ባዘቶ ሆኖ ይወጣል። በባዘቶው ላይ የሬዚን ዱቄት ይነሰነሳል። ከዚያ ባዘቶው በባዘቶ ላይ እየተደረበ የሚፈለገው ክብደት እስኪሞላ ይነጠፋል።

እዚህ ላይ ፋይበሩ በየት በኩል እንደተኛ መታየት አለበት። የካርዲንግ ማሽን ፋይበሩን በሚሄድበት አቅጣጫ ያስተኛዋል። ንብርብሩ ሁሉ በአንድ በኩል ከተነጠፈ ሰሌዳው በአንድ በኩል ጠንካራ፣ በሌላው ደካማ ይሆናል፤ ከፕሬስ ሲወጣም እንደ ደረቀ ቅጠል ይጣመማል። ስለዚህ ባዘቶው አንዱ በቁመት፣ አንዱ በአግድም መፈራረቅ አለበት፤ ከላይ የተነጠፈው ከታች ካለው ጋር መመሳሰልም አለበት።

ንጣፉ መጀመሪያ በመጠነኛ ሙቀት ይታፈናል፤ ዱቄቱ ለስልሶ ጸጉሩን ይይዘዋል፣ አብጦ የነበረው ክምር የሚነሳ ምንጣፍ ይሆናል። ምንጣፉ በቅርጹ ይቆረጥና በሞቀ የብረት ሞልድ ላይ ይቀመጣል። የዱቄት ፌኖል ሬዚን ከ10 በመቶ ገደማ ሄክሳሚን (ሬዚኑን የሚያጠጥር ኬሚካል) ጋር ሲሆን ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይበስላል። ከ200 ካለፈ ጥጡ ራሱ መበላሸት ይጀምራል፤ በላይና በታች ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ግፊቱን ለመገመት፣ 1.2 ካሬ ሜትር የሆነ ኮፈን በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ 50 ኪ.ግ ይጫነው ብንል 600 ቶን ፕሬስ ይጠይቃል።

ሬዚኑ ሲበስል ሞለኪውሎቹ በመስቀለኛ ተያይዘው አንድ መረብ ይሆናሉ። የተቀቀለ እንቁላል ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ ይህም ዳግም አይለሰልስም። ፀሐይ ላይ የቆመ ኮፈን የማይሰምጠው፣ ቤንዚን የፈሰሰበት ፓራፋንጎ የማይሟሟው ለዚህ ነው። መጣያ ላይ ያስቸገረውም ይኸው ነው።

እንፋሎቱ

በዚህ ሥራ ላይ ሰሌዳ የሚያበላሽ አንድ ጠላት ቢጠራ እንፋሎት ነው። ከሁለት በኩል ይመጣል። የፌኖል ሬዚን ሲበስል ራሱ ውሃ ያወጣል፤ ሄክሳሚን ካለበት አሞኒያም ይጨመራል። ጥጡ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ በተራ የክፍል አየር ውስጥ የተቀመጠ ጥጥ 8 በመቶ ያህል ውሃ ይዟል። 1 ኪ.ግ በሚመዝን ሰሌዳ ውስጥ ግማሹ ጥጥ ቢሆን 40 ግራም ውሃ አለ ማለት ነው፤ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ትንሽ የሚበልጥ። ይህ ውሃ በ170 ዲግሪ እንፋሎት ሲሆን በተራ የአየር ግፊት ወደ 80 ሊትር ቦታ ይፈልጋል። ፕሬሱ ተዘግቶ ሳለ ታፍኖ ይቆያል። ፕሬሱ ሲከፈት ግን ገና ትኩስ የሆነውን ሰሌዳ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ ላዩ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ሳይሆን እንደ ቃጠሎ ቁስል ያበጠ ጉብታ ይታያል። ጉብታው ሲመታ ከበሮ ይመስላል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጥጡ ከመነጠፉ በፊት በ105 ዲግሪ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ሳይውል ሳያድር ይሠራበታል፣ ክረምት ላይ በአንድ ሌሊት የለቀቀውን ይመልሳልና። ሞልዱ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ለአፍታ ተከፍቶ ይዘጋል፤ እንፋሎቱ ፊስ ብሎ ይወጣል። መክፈቻው ሰዓት ካለፈ ሬዚኑ ጠጥሯል፤ ያን ጊዜ መክፈት ንብርብሩን ማላቀቅ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ጉድለቶች ለማየት ይቀላሉ። ሬዚን ያነሰው ቦታ ነጭና ሻካራ ሆኖ ይታያል፤ ዱቄቱ ሲነሰነስ አልደረሰውም ማለት ነው። ምንጣፉ እንደ ሊጥ አይፈስም፤ ጠባብ ማዕዘን ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ የቅርጹ ማጠፊያዎች ሰፊ ክብ መሆን አለባቸው፣ ለጥልቅ ቦታ ደግሞ ተጨማሪ ቁራጭ ይደረባል። በደንብ ያልበሰለ ሰሌዳ ከበሰለው በዓይን አይለይም። እሱን የሚለየው አሴቶን ነው፦ ጠብታ ያሳርፉበትና በነጭ ጨርቅ ያሹታል። ጨርቁ ቡናማ ከሆነ ወይም ገጹ ከተጣበቀ ሰሌዳው ጥሬ ነው።

የደቂቃው ዋጋ

አንድ ምስራቅ ጀርመናዊ ትራባንት ለማግኘት ከ10 ዓመት በላይ ይጠብቅ ነበር። ለወረፋው ብዙ ምክንያት አለው፤ የዕቅድ ኢኮኖሚው፣ የማሽን እጥረቱ፣ የኢንቨስትመንት እምቢታው። ቁሱ ራሱ ግን የራሱን ድርሻ አዋጥቷል።

ለማሳያ እንዲሆን እናስላ። የአንድ ሰሌዳ ጠቅላላ ዙር፣ ማስገባት ማብሰልና ማውጣት፣ 8 ደቂቃ ይፍጅ። አንድ ፕሬስ በሰዓት 7 ያወጣል። በቀን 20 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 42,000 ይሆናል። አንድ መኪና 9 ትልልቅ ሰሌዳ ቢፈልግ (ጣራ፣ ኮፈን፣ የኋላ ክዳን፣ 2 በር፣ 4 ፓራፋንጎ)፣ ለ100,000 መኪና 900,000 ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ያለ እረፍት የሚሠሩ 22 ግዙፍ ፕሬሶች ማለት ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ የሚሞቅ ሞልድ ያለው። የላሜራ ፕሬስ መስመር ግን በሰዓት መቶዎችን ይመታል። የብረቱ ዙር በሰከንድ ሲቆጠር የሬዚኑ በደቂቃ ይቆጠራል፤ ኬሚስትሪው ስለማይቸኩል ሠራተኛን በማስቸኮል የሚገኝ ነገር የለም። ምርትን ለመጨመር ያለው መንገድ ፕሬስ መጨመር ብቻ ነው።

የሠራተኛውም ጤና እዚሁ ይነሳል። የጥጥ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል፤ ትኩስ ፕሬስ ሲከፈት የሚወጣው ጭስ ፎርማልዴሃይድ፣ ፌኖልና አሞኒያ አለበት። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ፋይበሩን ብቻ የሚመለከት ነው፤ የፕሬስ ክፍሉን አየር አያጠራም። ከፕሬሱ በላይ መምጠጫ የሌለው አውደ ጥናት ይህን ሥራ መጀመር የለበትም።

የማይዝገው ቆዳና የሚዝገው አጽም

ዱሮፕላስት አይዝግም። ገዢዎች ይህን ይወዱት ነበር፤ ጥቅሙ እውነት ነው። ሥሩ ያለው ብረት ግን ይዝጋል፤ ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ስለሚታይ ዝገቱን ማንም አያየውም። በሰሌዳውና በብረቱ መካከል ባለው ክፍተት ጭቃና በክረምት መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ይጠራቀማል፣ እርጥበቱ አይደርቅም። የላሜራ መኪና ሲዝግ ቀለሙ ያብጣል፣ ባለቤቱ ይደነግጣል፣ ይጠግናል። የትራባንት ባለቤት የሚደነግጠው ከበሩ ሥር ያለው የብረት ደረት ሲበሳ ወይም ማጠፊያው የታሰረበት ቦታ ሲለቅ ነው። ያገለገለች ትራባንት ስትመረመር መጀመሪያ የሚነካካው ከታች ያለው አጽም እንጂ የሚያብረቀርቀው ፓራፋንጎ አይደለም።

መገጣጠሚያው ሌላ ጉዳይ አለው። ሁለቱ ቁሶች በሙቀት እኩል አይለጠጡም። ብረት በአንድ ዲግሪ በሜትር 12 ማይክሮ ሜትር ያድጋል፤ ይህን መሰል ሰሌዳ ደግሞ ወደ 25። 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው ሰሌዳ ከማለዳ ብርድ እስከ ቀትር ፀሐይ 50 ዲግሪ ቢሞቅ በሁለቱ መካከል 0.8 ሚ.ሜ ገደማ ልዩነት ይፈጠራል። ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ ልክ ከሆነ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። ቀዳዳው ሰፋ ወይም ሞላላ ይደረጋል፣ ሰፊ ሮንዴላ ይገባበታል፣ ቡሎኑም እንደ ብረት በብረት ላይ ተጨፍልቆ አይጠብቅም።

ውሃ ወደ ሰሌዳው የሚገባው በገጹ አይደለም፤ ገጹ በሬዚን የተዘጋ ነው። የሚገባው በተቆረጠ ጠርዝና በተበሳ ቀዳዳ ነው፤ እዚያ የጥጡ ጫፍ ክፍት ሆኖ እንደ ኩራዝ ክር ይስባል። ጠርዙ ያብጣል፣ ቀለሙ ይነሳል፣ የክረምት በረዶ ሲገባበት ንብርብሩ ይላቀቃል። የተቆረጠ ጠርዝና ቀዳዳ ሁሉ ከመገጠሙ በፊት በሬዚን ወይም በቀለም መታሸግ አለበት።

ባቲላሜራ የማይሠራበት ቤት

የተጋጨ ላሜራ ይወጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይሞቃል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዱሮፕላስት ወይ እንደነበረ ይመለሳል ወይ ይሰነጠቃል፤ መካከለኛ የለውም። መዶሻ አይሠራበትም፤ ማሞቅ ደግሞ ያከስለዋል እንጂ አያለሰልሰውም። ትልቅ ስብራት የደረሰበት ፓራፋንጎ ይፈታና ሌላ ይታሰራል፤ ፈትቶ መቀየር መቻሉ የንድፉ ትልቅ ጸጋ ነው።

ስንጥቅ ግን ይጠገናል። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች 3 ሚ.ሜ ቀዳዳ ይበሳል፤ ስንጥቁ ከዚያ አያልፍም። ቀለሙ ከሁለቱም ጎን 5 ሴ.ሜ ያህል በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይነሳል፣ የስንጥቁ ከንፈር በገደላማ ይሞረዳል፣ በአሴቶን ተጠርጎ ይደርቃል። ከጀርባው 2 ወይም 3 ንብርብር የመስታወት ጨርቅ በኤፖክሲ ይለጠፋል። ሲደርቅ ከፊት በኩል ስስ ስቱኮ ይገባና ይሞረዳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በርካሹ ፖሊስተር ሬዚን ሲሞክሩ ነው። በጋራዥ ያለው የፋይበርግላስ ሬዚን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ፖሊስተር ፌኖል ላይ በደንብ አይይዝም፤ ከሰሌዳው የሚወጣ ነጻ ፌኖል ካለ ደግሞ የፖሊስተሩን መድረቅ ያዘገያል፣ መጋጠሚያው ላይ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይቀራል። ጥፍጥፉ ሲታይ ጥሩ ነው፤ ከጥቂት ወራት ንዝረት በኋላ ሙሉ በሙሉ ይላጣል። በኤፖክሲ ላይ የሚወጣው ተጨማሪ ብር ሥራ ሁለቴ ከመሥራት ይረክሳል።

መጣያው

ኅዳር 1989 የበርሊን ግንብ ሲከፈት ትራባንቶች በሰልፍ ወደ ምዕራብ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቶቻቸው ያገለገሉ የምዕራብ መኪናዎች ገዙ፣ ትራባንቶቹም በየመንገዱ ዳር ተጣሉ። በ1990 የፎልክስቫገን 1.05 ሊትር ሞተር የተገጠመላት አዲስ ሞዴል ብትወጣም ሚያዝያ 1991 ምርቱ ቆመ።

ያን ጊዜ የሬዚኑ ጠባይ በሌላ ፊቱ መጣ። ብረቱ ወደ ማቅለጫ ሄደ። ዱሮፕላስቱ ግን አይቀልጥም፣ በቀላሉ አይበሰብስም፣ ሜዳ ላይ ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ያወጣል። ቁሱን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ተሞክረዋል። ጽቪካው ላይ ደግሞ ተፈጭቶ ለመንገድ ንጣፍ የሚሆን የሲሚንቶ ብሎክ ውስጥ ተቀላቅሏል። አሳማና በግ በሉት የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ግማሹ፣ ማለትም ጥጡ፣ ከማሳ ስለመጣ ሙሉው ሰሌዳ ወደ አፈር ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ስህተት መሆኑን ያሳየው ይህ ክምር ነው፤ የቁሱን ዕድሜ የሚወስነው ሬዚኑ ነው። ዛሬ ፌኖልን በከፊል በእንጨት ሊግኒን ወይም በካሹ ልጣጭ ዘይት የሚተኩ፣ ከሸንኮራ አገዳ ገለባ የሚገኝ የፉራን ሬዚን የሚጠቀሙ አሉ። ምንጩ ከተክል ይሆናል፤ ከበሰለ በኋላ ግን እነሱም መረብ ናቸው፣ እነሱም አይቀልጡም።

ዛሬ ማን ምን ወሰደ

ከትራባንት በኋላ የተፈጥሮ ፋይበር ወደ መኪና የተመለሰው በአብዛኛው ከውስጥ በኩል ነው። ቢ.ኤም.ደብልዩ በአይ 3 የበር ውስጥ ሽፋን ላይ የኬናፍ ተክል ፋይበር ተጠቅሟል፤ መርሴዲስ በኢ ክላስ በር ውስጥ ተልባና ቃጫን በኤፖክሲ አስሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከውስጥ ዝናብ የለም። ወደ ውጭ የወጡት ጥቂት ናቸው፤ መርሴዲስ በኤ ክላስ ሆድ ሥር የአባካ (የሙዝ ዘመድ ተክል) ፋይበር አድርጓል፣ ፖርሽ በ2019 ለውድድር ባወጣው ካይማን በርና የኋላ ክንፍ ላይ የተክል ፋይበር ተጠቅሟል። ጽቪካው ግን ጥጡን ከ60 ዓመት በፊት ጣራ ላይ ሰቅሎታል፣ በሺዎች በሚቆጠር ሳይሆን በሚሊዮን።

በእኛም አገር ከፈትል ፋብሪካ የሚወጣ አጭር ጥጥ አለ፤ ቆጮ ሲፋቅ የሚተርፍ የእንሰት ቃጫ አለ። ነገሩን በእጁ ማየት የሚፈልግ አውደ ጥናት በመኪና በር መጀመር የለበትም። 30 በ30 ሴ.ሜ የሆነ፣ 3 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ሰሌዳ ይበቃል። መጠኑ 270 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፣ 373 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ግማሹ ጥጥ፣ ግማሹ የሬዚን ዱቄት። በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ 50 ኪ.ግ ለመጫን 45 ቶን ያስፈልጋል፤ ባለ 50 ቶን ሃይድሮሊክ ፕሬስ፣ የሚሞቁ ሁለት ወፍራም የብረት ሳህኖችና ቴርሞስታት ካለ ሥራው ይሠራል። ጥጡ በ105 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ይደርቃል። በ160 ዲግሪ ይጫናል፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ከዚያ 6 ደቂቃ ሳይነካ ይቆያል። ሲወጣ በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል ክብደት ተጭኖበት ይቀዘቅዛል፤ ትኩሱን ጠረጴዛ ላይ መተው ማጣመም ነው። ለእንሰት ቃጫ ሲሆን ቁመቱ ከ3 እስከ 5 ሴ.ሜ ይቆረጣል፣ የቀረው ሥጋ በደንብ ይታጠባል፤ ስታርችና አቧራ የያዘ ቃጫ ሬዚኑን ይጠጣል እንጂ አይያዝም።

ከሰሌዳው ላይ 5 በ5 ሴ.ሜ የሆኑ ስድስት ቁራጮች ይቆረጣሉ፤ የሦስቱ ጠርዝ በኤፖክሲ ይታሸጋል፣ ሦስቱ እንዲሁ ይተዋሉ። ሁሉም ተመዝነው፣ በካሊፐር ተለክተው፣ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሲወጡ ክብደታቸው ብቻ ሳይሆን የመሃላቸውና የጠርዛቸው ውፍረት ለየብቻ ይለካ። ያልታሸጉት መሃላቸው 3.0 ሆኖ ጠርዛቸው 3.2 ካሳየ ውሃው የገባው በጠርዝ ብቻ ነው፣ ሬዚኑም በደንብ በስሏል። መሃሉም አብሮ ካበጠ ችግሩ ፕሬሱ ላይ ነውና ወደ ሙቀቱና ወደ ደቂቃው ይመለሱ።